ከሳውናው በላይ የተነጠፈው ሜፕል

ታውኖ ሃፓላ ወለሉ መታመሙን ያወቀው በእግሩ ነው። ሰዉ ገና በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሙሽሮቹን ከቦ ሲስቅና ሲሳሳም፣ እሱ ሹልክ ብሎ ቀድሞ ሰርጉ ወደሚደገስበት አዳራሽ መጣ። ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ እንደ ልማዱ በካልሲ ወደ መሐል ተራመደ። ብዙም ሳይሄድ ቆመ። የሳንቃዎቹ መጋጠሚያ የውስጥ እግሩን ኮረኮረው። ጥሩ ወለል ደግሞ እግር አይኮረኩርም።

ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳበሰው። እያንዳንዱ ሳንቃ ጠርዝ ጠርዙ ብድግ ብሏል፤ መሐሉ ሰርጎዷል። አክስቶቹን ከባቡር ጣቢያ ሊያመጣ የሄደ ዕለት ትቶት የወጣው ወለል እንደ ረጋ ውሃ የተስተካከለ ነበር። ሁለት ሌሊት ብቻ ነው ከመንደሩ ከሂልቱላ የራቀው።

ይህ ወለል ለታውኖ እንዲሁ ወለል አልነበረም። ብቻውን፣ አለቃ ሳይቆምበት ያነጠፈው የመጀመሪያው ወለል ነው። እንጨቱ ጠንካራው ሜፕል ነው፤ በታላቁ ሐይቅ ዳርቻ የሚበቅለው፣ በበረዶው ማብቂያ ግንዱ ተበስቶ ጣፋጭ ውሃ የሚቀዳለት ዛፍ። እንጨቱ እንደ ውሃው ጣፋጭ አይደለም። ምስማር ያጎብጣል፣ መጋዝ ያደንዛል፣ የአናጢ ክንድ ይፈትናል። ከተነጠፈ በኋላ ግን የትውልድ ነው። አይሰነጠርም፤ ባዶ እግሩን የሚጨፍር ሰው እሾህ አይወጋውም። በተረገጠ ቁጥር እንደ መስታወት ይጠራል እንጂ አይበላም። ታውኖ ከእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካው ክምር ውስጥ ነጩን ብቻ እየለየ፣ ቡናማ ጅማት ያለበትን ሁሉ እየጣለ፣ በረዶው ሳይሟሟ አንጥፎ ጨርሶት ነበር። ለእህቱ ለኬርቱ የሰርግ ስጦታ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። ከተማው አዲስ ትምህርት ቤት እየሠራ ነው፤ የስፖርት አዳራሹን ወለል ማን ያንጥፍ የሚለው በሚስተር ትሬቫሮ እጅ ነው። ሚስተር ትሬቫሮ ዛሬ ሰርጉ ላይ ይመጣል። የሚመጣው ለሙሽሮቹ አይደለም፤ ወለሉን ሊያይ ነው። ይህን ወለል ካየ በኋላ ሥራውን ለሌላ ሊሰጥ እንደማይችል ታውኖ ለሚስቱ ሳይቀር ፎክሮ ነበር። ሰው ሲፎክር እግዜር ይሰማል ይላሉ፤ ምን እንደሚል ግን አይነግሩንም።

ሜፕል አንድ አመል አለው። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲያብጥ ደግሞ የሚገፋውን አይመርጥም፣ ግድግዳም ቢሆን። ታውኖ ይህን ስለሚያውቅ በአራቱም ግድግዳ ሥር የአውራ ጣት ስፋት ክፍተት ትቶ በከርከስ፣ ግድግዳ ሥር በሚመታ ቀጭን ጣውላ፣ ሸፍኖታል። እየተጣደፈ አንዱን ከርከስ በቢላ ፈልቅቆ አየ። ክፍተቱ ሞቷል። ሳንቃው ግድግዳውን ነክሶታል።

"ውሃ ከየት መጣ?" አለ ለብቻው። ጣሪያው አያፈስም፣ ዝናብ አልነበረም። ከዚያ ሸተተው። የበርች እንጨት ጭስ።

ታውኖ ጫማውን ሳያደርግ ሮጠ። አዳራሹ ተዳፋት ላይ ስለተሠራ ከሥሩ፣ በሐይቁ በኩል፣ ለብቻው በር ያለው ምድር ቤት አለ፤ ምድር ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሳውና፣ በጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ እያፈሰሱ በእንፋሎቱ የሚታጠቡበት ክፍል። ባሕር ተሻግረው እዚህ የሰፈሩት ፊንላንዳውያን ጣሪያ ከማቆማቸው በፊት ሳውና ይሠራሉ፤ የት እንደሚሠሩት ግን ሁልጊዜ አያስቡም። ታውኖ ወለሉን ሲያነጥፍ የሳውናውን ጣሪያ በቆርቆሮ እስኪለብጠው ድረስ ማንም እንዳይለኩሰው አስጠንቅቆ ነበር። ቆርቆሮው ገና ከከተማ አልመጣም። የሜፕሉ ፊት ቫርኒሽ ጠጥቷል፤ ሆዱ ግን ራቁቱን ነው።

የምድር ቤቱ በር ላይ እትዬ ሳይማ ፎጣ ታቅፋ ቆማለች። የሙሽራው እናት ናት፤ ከቤተ ክርስቲያን ቀድማ የወጣች። ወፍራም፣ ፈጣን፣ ምላሷም እንደ ጉልበቷ የማይደክም ሴትዮ ናት።

"ማነው ያነደደው?" አላት ትንፋሽ እያጠረው።

"ቀስ በል፣ ሰላምታ አይቀድምም? ባሌ ካሌ ነዋ። ሦስት ቀን ሆነው። መጀመሪያ ሴቶቹ፣ ትናንት እንግዶቹ፣ ዛሬ…" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ዛሬ አባትህ ነው ውስጥ ያለው።"

"ማን?"

"ኢሳኪ። ከካሌ ጋር። ሁለቱ ብቻ።"

ታውኖ በሳይማ ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ ሳውናው በር አየ።

ኢሳኪ ሃፓላና የሳይማ ባል ካሌ ኒስካ በወጣትነታቸው የአንድ መጋዝ ሁለት እጆች ነበሩ። በባለ ሁለት እጀታው ረጅም መጋዝ ሜፕል ሲጥሉ፣ አንዱ ሲስብ ሌላው ሲለቅ፣ ሰው ቆሞ ያያቸው ነበር። ከዚያ የሥራ ማቆሙ ዓመት መጣ። ካሌ ከአድመኞቹ ጋር ወጣ፤ ኢሳኪ ሰባኪው አድማ ኃጢአት ነው ስላለ ሌላ ሰው ይዞ ጫካ ገባ። ከዚያ ወዲህ አንዱ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ሌላው የሠራተኞቹ አዳራሽ ሰው ሆነው ሆድና ጀርባ ናቸው። አሥራ ስምንት ዓመት። ልጆቻቸው ተዋደው አስደነገጧቸው እንጂ አላስታረቋቸውም። ኢሳኪ ለቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት እመጣለሁ፣ ያንን የዳንኪራ ቤት ግን እግሬ አይረግጠውም ብሎ ምሎ ነበር። ኬርቱ ለዚህ ስንት ሌሊት እንዳለቀሰች ታውኖ ያውቃል።

"እንዴት አድርጎ አመጣው?" አለ።

"የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ 'ሳውናው ሞቋል' አለው። ሌላ ምንም አላለም። አባትህ ቆየ፣ ቆየና 'ሳውና አዳራሽ አይደለም' ብሎ ተከተለው።" ሳይማ ዓይኗን በፎጣው ጫፍ ጠረገች። "ሳውና ውስጥ ደግሞ ሰው አይጣላም። ብቻ አንተ ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የሆነው?"

"ምንም" አለ ታውኖ። በጎን ዞሮ ወደ መተንፈሻዋ ቀዳዳ ሄደ።

መተንፈሻዋ በግድግዳው ላይ ከጣሪያው ሥር ያለች የጡብ ያህል ቀዳዳ ናት። እሷ ክፍት ብትሆን ኖሮ ግማሹ እንፋሎት በወጣ ነበር። ሽማግሎቹ ግን ሙቀት ይሰርቃል ብለው በጆንያ ጠቅጥቀዋታል። ታውኖ ጆንያውን በጣቶቹ ይዞ ቀስ ብሎ ሳበ። ነጭ እንፋሎት እየተትጎለጎለ ፊቱ ላይ ወጣ።

"ብርድ ገባ" አለ የአባቱ ድምፅ ከውስጥ። "ማነው እዚያ?"

"ጆንያው ወድቆ ነው" አለ ካሌ። አንድ እርጥብ እጅ ወጥታ ጆንያውን ከታውኖ ጣቶች ላይ መንጭቃ መልሳ ወተፈችው።

ታውኖ ጆሮውን ግድግዳው ላይ አድርጎ ቀረ። መስማት አሳፍሮታል፤ መሄድም አልቻለም።

"ውሃ ጨምር" አለ ኢሳኪ።

"አይበቃህም?"

"አንተ መቼም ሙቀት አትችልም።"

ድንጋዩ ላይ ውሃ ሲፈስ ተሰማ፤ ጩኸቱ ለታውኖ ወለሉ የጮኸ መሰለው። ታጣቢ ገላውን የሚጠበጥብበት የበርች ቅጠል ነዶ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ይሰማል።

"በጫካም እንዲሁ ነበርክ" አለ ኢሳኪ። "እሳት ዳር አትቀመጥም ነበር።"

"ልቀመጥ እንዴ? መጋዙን የሚስለው ማን ነበር?"

"እኔ።"

"አዬ አንተ! አንተማ ዳቦ ስትበላ ነበር።"

ኢሳኪ ሳቀ። ታውኖ የአባቱን ሳቅ እናቱ ከሞተች ወዲህ ሰምቶት አያውቅም፤ መጀመሪያ የሚያስለው መስሎት ነበር።

ከዚያ ካሌ በሌላ ድምፅ "ሂልማ ስትቀበር መጥቼ ነበር" አለ። ሂልማ የታውኖ እናት ናት። "ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር።"

"አይቼሃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም?"

"አንተስ ለምን አልገባህም?"

ነዶው ባልዲ ውስጥ ሲነከር ተሰማ። ቆይቶ ኢሳኪ "ውሃ ጨምር" አለ። ካሌም ጨመረ።

ታውኖ ከግድግዳው ጆሮውን አነሳ። አሁን በሩን አንኳኩቶ "ውጡ፣ ወለሌን አበላሻችሁት" ማለት ይችላል። ሁለቱም እንጨት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ብድግ ብለው ይወጣሉ። ከዚያስ? አባቱ እርጥብ ጀርባውን ሸሚዝ እያለበሰ "ጠርቶኝ የልጄን ሥራ አስጠፋኝ" ሊል ነው። ካሌም "ውሃ ጨምር፣ ውሃ ጨምር ያለው ማን ነው?" ሊል ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ለመኳረፍ ከዚህ ያነሰ ምክንያት በቅቷቸው ያውቃል። ሌላ አሥራ ስምንት ዓመት ደግሞ የላቸውም።

ካልጠራቸውስ? አንድ ዓይን ያለው ሰው በአፈር አይጫወትም። ታውኖ ያለው አንድ ወለል ነው።

እግሩ ወደ በሩ ወስዶት ነበር፤ እጁን ለማንኳኳት አነሳ። መልሶ አወረደው። ሳይማ ታየዋለች፤ ምን እንደሚያደርግ አልገባትም። ዞሮ ወደ ላይ ወጣ።

አዳራሹ ውስጥ ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች በመግቢያው በኩል ተደርድረዋል። ሥጋና ድንች የታሸገበት ፓስቲው፣ ሄል የገባበት ዳቦው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ገና አልመጣም። መሐሉ ላይ አንድ ረድፍ ሳንቃ እንደ ድመት ጀርባ ተነስቷል፤ ቅድም አልነበረም። ታውኖ እያየው ከሥሩ ጠመንጃ የተተኮሰ የመሰለ ድምፅ ወጣና ሌላ ረድፍ ተነሳ። አሁን ነገሩ የውበት ጉዳይ አይደለም። ሰዉ ገብቶ ሲጨፍር እግር ይሰብራል። ግፊቱ ከቀጠለ ደግሞ ግድግዳውን ከመሠረቱ ያንሸራትተዋል።

መድኃኒቱን ያውቀዋል። በሁለቱም ግድግዳ በኩል ዳር ዳሩን ገንጥሎ ማውጣት ነው፤ ሜፕሉ መሄጃ ሲያገኝ መሐሉ ይተኛል። ዳር ዳሩ ግን ታውኖ ከሁሉ የተጠበበበት ነው። አንድ እድፍ የሌለበት፣ ጥርስ ከጥርስ ገብቶ ወረቀት የማያሳልፍ። መፈልቀቂያ ብረቱን ከዕቃ ሳጥኑ አወጣና ተንበረከከ። የመጀመሪያውን ሳንቃ ሲፈለቅቅ እንጨቱ ጮኸ። እሱም እንባው መጣ፤ አልጠረገውም።

ሦስተኛውን ረድፍ ሲጀምር ሳይማ በር ላይ ቆማለች።

"ምን እያደረክ ነው?"

ታውኖ ብረቱን መልሶ ሳንቃው ሥር ሰካ።

"አውቄው ነበር" አለች። "የኢሳኪ ልጅ ለእኛ የጭፈራ ወለል ያነጥፋል ሲሉኝ የሆነ ነገርማ አለው ብዬ ነበር። ጠብቀህ ጠብቀህ በልጄ ሰርግ ቀን ታፈርሰዋለህ?"

"እትዬ ሳይማ፣ ነይ እግርሽን እዚህ ላይ አድርጊ።"

ቆጣ እንዳለች መጥታ እግሯን አሳረፈች። ሳንቃው ከሥሯ ሞቃት ነበር።

"እንፋሎቱ ነው" አላት። "ከሥር አብጦ ወደ ላይ እየተነሳ ነው። ዳሩን ካልከፈትኩለት ሰው ይጎዳል።"

ሳይማ ወለሉን አየች፤ ከዚያ በሐይቁ በኩል ወዳለው መስኮት። "ታዲያ ሄጄ ላስወጣቸው እንጂ" ብላ ዞረች።

ታውኖ ቀሚሷን ያዘ። "አትውረጂ። እያወሩ ነው።"

"ምን እያወሩ?"

"ስለ እናቴ።"

ሳይማ ቆመች። እሷም ሂልማን ትወዳት ነበር፤ እሷም ከሥራ ማቆሙ ወዲህ መንገድ ላይ ራሷን በመነቅነቅ ብቻ ሰላምታ ስትሰጣት ኖራ ቀብራታለች፣ ያውም ከሩቅ። ሻርፗን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና ከጎኑ ተንበረከከች። እሱ ሲፈለቅቅ እሷ ሳንቃውን እየተቀበለች ደጅ ትከምራለች። ተሻግረው የወዲያኛውን ግድግዳ ያዙ። መሐሉ ከብዙ መንቋቋት በኋላ ቀስ እያለ ተኛ። ተጎሳቁሎ፣ ጠባሳ እንዳለበት ፊት፣ ግን ተኛ። በሁለቱም ግድግዳ በኩል ጥቁር ቦይ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሙሽሮቹና ሰዉ ሲገቡ ሳቁ በሩ ላይ ቆመ። ኬርቱ የነጭ ቀሚሷን ጫፍ እንደያዘች ወንድሟን በጉልበቱ ተንበርክኮ አገኘችው። "ታውኖ?" አለች ብቻ። ከኋላዋ ሚስተር ትሬቫሮ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ አንገቱን አስግጎ ወለሉን ያያል። እሱ እንግሊዝኛ እንጂ ፊንላንድኛ አያውቅም፤ የተሰበረ ነገር ግን በየቋንቋው አንድ ነው።

ታውኖ ሊናገር አፉን ሲከፍት ከሐይቁ በኩል ያለው የጓሮ በር ተበረገደ።

"ማነው ወለል እንዲህ የሚገነጥለው?" አለ ኢሳኪ ሃፓላ።

በባዶ እግሩ ነው። ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቋል፤ ፊቱ ቀልቷል፤ ከራሱ ላይ እንፋሎት ይነሳል። ካሌ ከኋላው ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ ይከተላል። ኢሳኪ ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ እንጨት ሲጮህ ሰምቶ አርፎ መቀመጥ አልሆነለትም። በሩን ማለፉን ልብ አላለም። ኬርቱ ልብ አለች፤ የባሏን ክንድ ጨመቀች። አዳራሹ ሙሉ ሰው ልብ አለ።

ሽማግሌው ተንበርክኮ ሳንቃውን በጣቱ አንጓ መታ መታ አደረገው፤ ቦዩን አየ።

"ከግድግዳው ቦታ አልተውክለትም" አለ።

"አልተወለትም" አለ ካሌ ከላዩ አጎንብሶ።

"ሜፕል ቦታ ይፈልጋል። ይሄንን ሕፃን ያውቀዋል።"

"ማንም ያውቀዋል። እኔም ሲያነጥፈው አይቼ፣ ይሄ ልጅ አጥብቆታል ብዬ ነበር።"

"ብለህ ነበር?"

"ለሳይማ ብያት ነበር።"

ካሌ ለሳይማ እንዲህ ያለ ነገር ብሏት አያውቅም። ግን ሁለቱ ሽማግሎች እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ራሳቸውን እኩል እየነቀነቁ፣ ከዚያ የጫካ ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማምተው ቆመዋል። የተስማሙት ታውኖ ወለል ማንጠፍ አይችልም በሚለው ነው።

ሳይማ አፏን ከፈተች። ታውኖ አያት፣ ራሱን በትንሹ ነቀነቀ። አፏን ዘጋች፤ ይህ ለሳይማ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል።

ሚስተር ትሬቫሮ ጠጋ ብሎ "ሽማግሎቹ ምን እያሉ ነው?" ሲል ታውኖን በእንግሊዝኛ ጠየቀው።

ታውኖ ጉሮሮውን ጠራረገ። አባቱ እንግሊዝኛ ይሰማል። "ወለሉ በደንብ አልተነጠፈም ነው የሚሉት።"

"አንተስ ምን ትላለህ?"

ክፍተቱን የሚያሳየው ከርከስ ተፈልቅቆ ከሳንቃው ጋር ደጅ ተከምሯል። ቆርቆሮ እስኪመጣ ሳውናው አይነድ ማለቱን የሰሙ የአዳራሹ ኮሚቴ ሰዎች እዚያው ቆመዋል፤ አንዱን ቢጠራ ይመሰክርለት ነበር። ታውኖ አባቱን አየ። ከራሱ ላይ ገና እንፋሎት የሚነሳ፣ በባዶ እግሩ ሜፕሉ ላይ የቆመ፣ ክንዱ የካሌን ክንድ የነካ አባቱን።

"ልክ ናቸው" አለ። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሚስተር ትሬቫሮ ወለሉን ዳግም አየ። ከዚያ ጨዋ ሰው ስለሆነ ሙሽራይቱን እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። ታውኖ በመስኮቱ እስከ መንገዱ መታጠፊያ በዓይኑ ተከተለው። ስንት የበረዶ ወር የደከመበት ነገር በዚያ ባርኔጣ ሥር ሄደ።

"አታቀርቅር" አለው አባቱ፤ ድምፁ ከልማዱ ውጭ ለስላሳ ነበር። "ቅጠል ሲረግፍ፣ አየሩ ሲደርቅ እንመጣና እንደገና እናነጥፈዋለን። እኔና ካሌ። አንተ ሳንቃ ታቀብለናለህ።"

"ምስማሩን የምመታው እኔ ነኝ" አለ ካሌ። "አንተ ዓይንህ አያይም።"

"ያንተ እጅ ይንቀጠቀጣል።"

"እሺ አባዬ" አለ ታውኖ። አንጀቱ እያረረ ነበር፤ ደስታውም እውነት ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላወቀም።

ኬርቱ መጥታ የአባቷን እርጥብ እጅ ያዘች። ሽማግሌው ያን ጊዜ ቀና ብሎ ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ የተሰበሰበውን ሰው አየ፤ የት እንደቆመ ገባው። ፊቱ ሲለዋወጥ ሁሉም አየ። ኬርቱ እጁን አልለቀቀችም።

"እግሬ ታጥቧል" አለ በመጨረሻ። "መንገዱ አቧራ ነው። እስኪደርቅልኝ ልቀመጥ።"

ወንበር አመጡለት። አኮርዲዮኑ ሲጀምር ጭፈራ ላለማየት ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረው፤ ካሌም የራሱን ወንበር አምጥቶ ከጎኑ ወደ ግድግዳው አዞረ። ታውኖ ቦዩ ውስጥ ሰው እንዳይገባበት ጠረጴዛዎቹን በላዩ ላይ እየጎተተ ይደረድር ጀመር።